ቢጫ ጠመኔ

«ወደ ላይ! ወደ ላይ! ዕቃችሁን አታስቀምጡ፣ ቀጥሉ!»

እጮኻለሁ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ከአየርላንድ የመጣችው መርከብ በጠዋቱ ጀልባ ሦስት መቶ ሰው አራግፋብናለች። ሰዉ ጥቅሉን ታቅፎ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ፣ እየተጋፋ በሰፊው ደረጃ ይወጣል። ይህ መጤዎች ወደ ከተማው ከመሻገራቸው በፊት የሚመረመሩበት ደሴት ነው፤ እኔ ደረጃው አናት ላይ ከብረቱ በር ቆሜ አስተላልፋለሁ። ሦስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ። ያን ዕለት፣ በግንቦት 1907፣ አፌ ይጩኽ እንጂ ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነበር። እሱንም የማውቀው ከመዳፍ ከምታንስ ፎቶግራፍ ነው። የእህቴ የዴሊያ ልጅ ነች፤ ኖኒ።

ዴሊያ በየካቲት ሞተች። ቤቱን ባለርስቱ ወሰደው። ልጅቱ እዚያ የቀራት ሰው የለም፤ እዚህ ያለኋት እኔ ነኝ። ተመልሰሽ ሂጂ ከተባለች የምትመለሰው ማንም ወደሌለበት ነው።

ዶክተር ሎሪንግ ከእኔ ፊት ለፊት ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። መጤዎቹ ሥራ ፈትቶ ጢሙን የሚያሻሽ ሰውዬ ነው የሚመስላቸው። ምርመራው ግን ያ ደረጃ ራሱ ነው። አርባ ደረጃ ሸክም ይዞ የወጣ ሰው ልቡ የደከመ እንደሆነ ያለከልካል፤ እግሩ የታመመ እንደሆነ ይጎትታል። ዶክተሩ አንድ ነገር ካየ አይናገርም። ሰውየው ሲያልፍ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ካፖርቱ ትከሻ ላይ አንዲት ፊደል ጫር ያደርግበታል። ለልብ አንድ ፊደል፣ ለዓይን ሌላ፣ ለሚያነክስ ሌላ። ፊደል ያለበት ወደ ግራ፣ ወደ ሽቦ አጥሩ ይገባል። ከሽቦ አጥሩ ደግሞ ስንቱ ወደ መጣበት መርከብ እንደሚመለስ እኔ አውቃለሁ። በሩን ከፍቼ የማስወጣቸው እኔ ነኝና።

አየኋት። የዴሊያ አገጭ፣ የዴሊያ ቀይ ጸጉር፣ ለእሷ የሰፋ ጥቁር ካፖርት። ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ቀጥ አለ።

ታነክሳለች።

ብዙም አይደለም። ግራ እግሯን ስታነሣ ዳሌዋ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይኸው ነው። ዴሊያ ይህን በአንድም ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ሎሪንግ ግን ሥራው ነው፤ ልጅቱ ስታልፍ እጁ ዘረጋ አለና ትከሻዋ ላይ ጫረባት። እሷ አላወቀችም። እንዲያውም እሷ የገፋችው መስሏት «ይቅርታ ጌታዬ» ብላ ፈገግ አለችለት።

ያኔ ያሰብኩት ነገር የለም። ያሰብኩ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። ክንዷን ይዤ ወደ ግራ የምወስዳት መስዬ ከምሰሶው ጀርባ ጎተትኳት።

«አጎቴ ኮን?» አለች ዓይኗ በርቶ። «አንተ ነህ? በላክኸው ፎቶ ላይ ያለው ጢም...»

«ዝም በይ! አታውቂኝም። አላየሽኝም።»

ትከሻዋን በእጅጌዬ አሸሁት። ጠመኔ በአንድ ማሸት ይጠፋል፤ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ይኼ ግን አልጠፋም። አሸሁት፤ ተስፋፋ። ደግሜ አሸሁት፤ ጥቁሩ ካፖርት ላይ የእንቁላል አስኳል የተሰበረ መሰለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ክው አልኩ። ቢጫ ነው፤ ፊት ብቻ ስፈልግ የሰዉን ትከሻ አላየሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ነጭ ነበር፤ ዛሬ ቢጫ ነው፣ እንደ ሰም ይሙለጨለጫል። ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብሴን አየሁት። ከእጅጌዬ ጫፍ እስከ ክንዴ አጋማሽ ቢጫ ሆኗል።

«ካፖርትሽን ገልብጪና ልበሺው» አልኳት።

«ለምን?»

«ገልብጪ ስልሽ ገልብጪ! ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ዘጠነኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ስምሽ እስኪጠራ እንዳትነሺ። ከተነሣሽም ቀስ ብለሽ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ገባሽ?»

ከድንጋጤዋ የተነሣ ካፖርቱን ስትገለብጥ አንዱ እጅጌ ውስጥ ጠፋባት። ገበሩ ግራጫ ነው፣ ሁለት ቦታ ተጥፏል። እንዲያ ለብሳ ጥቅሏን አንሥታ ሄደች፤ ቀጥ ለማለት ስትሞክር ይባስ አነከሰች።

ወደ በሬ ተመለስኩ። ከጎኔ ያለውን በር የሚጠብቀው ሽማግሌው ኩንትዝ ነው፣ ጀርመኑ። እሱ መቼም የማያፌዝበት ነገር የለም።

«አየህልኝ ኮን? ዛሬ ሰዉን ሁሉ ቅቤ ቀቡት።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጠመኔውን ነዋ! አለቃችን ኮሚሽነር ክሬይ ራሱ ነው ያመጣው። በጠዋት መጥቶ የድሮውን ሰብስቦ ቆለፈበት፤ ይኼን ለዶክተሮቹ በእጁ አደለ። ልብስ ሰፊዎች የሚያሰምሩበት ነገር ነው፣ ሰም አለበት። አይጠፋም፣ የነካውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀረው።» ሳቀ። «ጋዜጣው ላይ አላየህም? ደሴቱ ላይ ምልክት የሚያጠፋ ሠራተኛ አለ ብለው ጻፉ። ጠበቃ አይደል፣ ወጥመድ አጠመደ። ምስኪን፣ የሚያዘው ማን ይሆን?»

እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ነጭ ሆንክ እኮ።»

«ቁርሴን ሳልበላ ወጣሁ።»

«እንግዲያ ከመጤዎቹ ወጥ ቤት የደረቀ ፕለም ቅቅል ላስመጣልህ?» አለኝ። ለመጤዎቹ በየቀኑ በሚቀርበው በዚያ የፍሬ ቅቅል የማይቀልድ ሠራተኛ የለም። እኔ ግን ጥርሴን ማሳየት አቃተኝ።

ቅጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ በምንለውጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥራ መባረር፣ ከዚያ ክስ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት እስራት። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነበረ። ዘመዱ በመርከብ የሚመጣ ሠራተኛ ከአንድ ቀን በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ያመልክት፤ በዚያ ቀን ሌላ በር ይመደባል፤ ዘመዱ ችግር ያለበት ቢሆን ሠራተኛው ዋስ ሊሆንለት ይችላል ይላል። ይኼንን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን «አምብሮዝ ክሬይ» የሚል ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ፊርማ ማመን ከተውኩ ሃያ አንድ ዓመቴ።

እነግራችኋለሁ። በ1886 አምብሮዝ ክሬይ አንድ ሱፍ ልብስ ያለው፣ ከሥጋ ቤት በላይ ቢሮ የተከራየ ቀጭን ጠበቃ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ የከሰል ጋሪ ላይ የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ግን በስምንተኛው ወረዳ የማላውቀው በር የለም። ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደር ቤት ለቤት ያዞርኩት እኔ ነኝ። በሩን ከማንኳኳታችን በፊት በጆሮው «ይቺ ሚስስ ሙልካሂ ናት፣ ልጇ ማርቲ ሳንባውን ያመዋል» እለዋለሁ። በሩ ሲከፈት እሱ ኮፍያውን አንሥቶ «ሚስስ ሙልካሂ፣ ማርቲን ተሻለው?» ይላል። ሴትዮዋ ታለቅሳለች። ሰውን በስሙ መጥራት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ምርጫው ካለቀ በኋላ በተቀናቃኙ ሠፈር የነበረ አንድ የድምፅ ሣጥን በእኔ ጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ቦይ ውስጥ ወደቀ። እንዴት እንደ ወደቀ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ፍርድ ቤት ስቀርብ ጠበቃዬ ማን ሆነ? እሱ። «አላስታውስም በል» አለኝ። «የዋሸ ሰው ይያዛል። አላስታውስም የሚልን ሰው ግን ማንም ዳኛ ሰብሮ አይገባበትም።» አላስታውስም አልኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ሰባት ወር ፈረዱብኝ። እኔ የወህኒ ድንጋይ ስፈልጥ እሱ ምክር ቤት ገባ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ለኮንግረስ ተመረጠ፤ ሲሸነፍ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የደሴቱ የስደተኞች ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። ሚስቴ ሄዳ ለምናው ነው ይኼ የበር ሥራ የተሰጠኝ። መርማሪ አይደለሁም፣ ጸሐፊም አይደለሁም፤ በር ነኝ።

እሱንም ይቅር ብየው ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ግን ፎቶ አንሺዎች ከኋላው ተከትለው በየበሩ እየዞረ ሠራተኛ ሲተዋወቅ እኔ ዘንድ ደረሰ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን ልዘረጋ ስል እንዲህ አለኝ፦ «ስምህ ማነው፣ ወዳጄ?»

ወህኒውን መርሳት ይቻላል። ይኼ ግን እንደ ስንጥር ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለዴሊያ ስጽፍ ታዲያ ሌላ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ከቀትር በኋላ ፉጨቱ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሮቹ ሁሉ ተዘጉ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሰባት ስምንት መቶ ሰው አለ፣ ፉጨት ሲሰማ ሁሉም እንደ ተነካ ንብ ጉርምርም አለ፤ ከዚያ ጸጥ። የጥበቃው አለቃ በቆርቆሮው ድምፅ ማጉያ ጮኸ።

«የበር ጠባቂዎች በሙሉ ወደ ታች! ከደረጃው ሥር ተሰለፉ!»

ኩንትዝ አየኝ። «እኛ?»

«እኛ።»

አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ጠዋት መጤዎቹ በቆሙበት ቦታ፣ ከደረጃው ሥር፣ ሁለት ሁለት ሆነን አሰለፉን። ደረጃው አናት ላይ አምብሮዝ ክሬይ ቆሟል፤ ነጭ ጓንት፣ ግራጫ ኮት፣ አሁን ወፈር ብሏል። ሎሪንግ ከጎኑ ነው።

«ክቡራን» አለ። ያ ድምፁ አልተለወጠም፤ ሳይጮኽ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። «በየቀኑ ሰዎችን በዚህ ደረጃ ስታወጡ እናንተ ራሳችሁ ወጥታችሁ እንደማታውቁ ታሰበኝ። ዛሬ እንውጣ። ቀስ እያላችሁ። እጃችሁን በጎናችሁ አድርጉ።»

አንዱ ከኋላዬ «ልባችን እንዳይደክም ነው የሚያየን?» አለ። ሌላው «ያንተ እንኳ ቢራ ቤት ውስጥ ነው የቀረው» አለው። ሳቁ።

እጅጌዬን ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ከኮቱ እጅጌ የወጣው ሸሚዜም ቢጫ ነክቶታል። ምራቄን ተፍቼ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ አውራ ጣቴ ቢጫ ሆነ። ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ኮቴን ልገለብጠው አሰብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ካፖርቱን ገልብጦ ምልክቱን የደበቀ መጤ ባየሁ ቁጥር «አይ ሞኞች! ማን የሚያታልሉ መስሏቸው ነው?» እያልኩ ከኩንትዝ ጋር ስቄባቸዋለሁ። አሁን እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ቁልፎቼ ሄደ። የመንግሥት ንስር ያለበት የናስ ቁልፍ ነው፣ ስምንት ፍሬ። ገልብጬ ልለብሰው አልችልም።

መውጣት ጀመርን። አዳራሹ ያለው ሰው በሙሉ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ያየናል። አንዲት አሮጊት አማተበችልን። ጠዋት ስጮኽባቸው የነበሩት ሰዎች አሁን ከንፈር ሲመጡልኝ ሰማሁ። አርባ ደረጃ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ክሬይ አንድ በአንድ ያያል። ትከሻ አያይም። እጅ ነው የሚያየው። «ጥሩ... እለፍ... እለፍ።» ኩንትዝን እጆቹን አስገለበጠው፤ ንጹሕ ነበር። ሽማግሌው ምንም ሳይፈራ «ጥፍሬ ብቻ ነው ቆሻሻው፣ ክቡር ኮሚሽነር» አለ። «እለፍ።»

ከዚያ እኔ። ቀኝ እጄን ከዳሌዬ አጣብቄ ይዤዋለሁ። ክሬይ ቆመ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ። እጁን ዘረጋልኝ።

«ኮን ሺሃን» አለ። «ከስምንተኛው ወረዳ። ስንት ዘመን?»

ሃያ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው። ወህኒ ቤት ሆኜ ተመኝቼዋለሁ፤ እዚያ በር ላይ ቆሜ በየማለዳው ተመኝቼዋለሁ። በስሜ ጠራኝ! ወጥመድ መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄ ግን አላወቀም፤ ተዘረጋ። ጨበጠኝ። ሞቅ ያለ፣ ጠንካራ ጭበጣ ነበር። ጨብጦ እያለ በቀስታ፣ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው፣ የእጄን አንጓ አዞረው።

ቢጫው ለሁላችንም ታየ።

«ለማን ነው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዓይኔ ወደ ዘጠነኛው ወንበር እንዳይሄድ ጣራውን አየሁ። ያቺ ልጅ ከታወቀች ከቀትር በኋላ በአራት ሰዓት በሚሄደው ጀልባ ወደ መርከቡ ትጫናለች። አፌ ከፈት ሲል የወጣው አሮጌው ቃል ነው።

«አላስታውስም።»

የክሬይ ጣቶች አንጓዬ ላይ ጠበቅ አሉ። ቃሉ የማን እንደሆነ አወቀ።

«ዛሬ ጠዋት ነው እኮ» አለ።

«አላስታውስም፣ ጌታዬ።»

ከአዳራሹ፣ ከወንበሮቹ መካከል፣ ጫማ ወለሉን ሲረግጥ ተሰማ። አንዱ እግር ረገጥ፣ አንዱ ጎተት። ረገጥ፣ ጎተት። ሳላይ አውቄያለሁ። በልቤ «ተቀመጪ፣ ስለ እናትሽ ነፍስ ተቀመጪ» አልኩ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የተገለበጠ ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣ ጥቅሏን እንደ ታቀፈች መጥታ ከፊታችን ቆመች።

«ይልቀቁት» አለችው ኮሚሽነሩን። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «አጎቴ ነው። የእኔን ነው የጠረገው። ገልብጪ ያለኝም እሱ ነው፤ እሺ ብዬ የገለበጥኩት ግን እኔ ነኝ። እኔን ይቅጡኝ።»

ወደ ክሬይ ቢሮ ገባን፤ እሱ፣ ሎሪንግ፣ ኖኒና እኔ። መስኮቱ ባሕሩን ያሳያል፤ መርከቡ እዚያው ቆሟል፣ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሰል እየጨመሩ ነው። የግድግዳው ሰዓት ከቀትር በኋላ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ክሬይ ተቀመጠ። እኛን አላስቀመጠንም።

«አንዲት መስመር» አለኝ። «የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ አኖራታለሁ ብለህ አንዲት መስመር ብትጽፍ ኖሮ አሁን ከተማው ውስጥ ሻይ እየጠጣች ነበር። ሥራ ያለህ ሰው ነህ። ዋስ ትሆናት ነበር። ግድግዳው ላይ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ምን ልበለው? ፊርማህን አላምንም ልበለው?

«አሁን ግን» አለ እየቆጠረ፣ ፍርድ ቤት እንዳለ ሁሉ፣ «ምልክት አጥፍተሃል። ያጠፋ ይባረራል። የተባረረ ሰው ሥራ የለውም። ሥራ የሌለው ዋስ አይሆንም። ዋስ የሌላት አንካሳ ልጅ የመንግሥት ሸክም ትሆናለች ይላል ሕጉ፤ ትመለሳለች። ያጠፋሃት አንተ ነህ ኮን። በዚያ እጅጌህ።»

እውነቱን ነው። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ፤ እውነቱን ነው። ኖኒ ጥቅሏን አጥብቃ ያዘች። ሁለት ዓመት ወህኒ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ የባልዲው ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከፍርሃት ብዛት የመጣ ድፍረት መሆን አለበት፣ እንዲህ አልኩ፦

«ጌታዬ፣ የዛሬ ሃያ አንድ ዓመትም አላስታውስም ብያለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ። እስከ ዛሬም አላስታወስኩም።»

ሎሪንግ ምንም አልገባውም። ክሬይ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ነገር ፊቱ ላይ አየሁት፤ የማውቀውን ነገር፤ በየቀኑ ደረጃው ላይ የማየውን። ጉንጩ ሥር ያለች ሥጋ ዘለለች። በመከር ለአገረ ገዢነት ሊወዳደር ነው ይባላል። ሁለታችንም ፈርተን ተያየን።

«ልጄ» አለ ፊቱን ወደ ኖኒ መልሶ። «ስለ አጎትሽ ምን ታውቂያለሽ?»

«ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር» አለች። «እናቴ ጮኻ ታነበዋለች፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እዚህ ትልቅ ቦታ እንዳለው፣ እርስዎ በወጣትነት ጓደኛው እንደነበሩ፣ አሁንም ሲገናኙ እጁን ጨብጠው በስሙ እንደሚጠሩት ጽፎልናል። ለዚህ ነው ያልፈራሁት። እናቴም ስትሞት፣ ሂጂ፣ አጎትሽ የኮሚሽነሩ ወዳጅ ነው፣ ማንም አይነካሽም ነው ያለችኝ።»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ወህኒውን፣ ስድቡን፣ ሁሉንም ችያለሁ። ያቺ ውሸቴ እሱ ጆሮ መግባቷ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ቢጫ አውራ ጣቴን አየሁ።

ክሬይ ተነሣ።

«እስቲ ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ሂጂ» አላት።

ሄደች። ረገጥ፣ ጎተት። ረገጥ፣ ጎተት። ክፍሉ ረጅም ነው፣ ምንጣፍ የለውም፤ እያንዳንዷ እርምጃ ትሰማለች። ክሬይ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮት ባሕሩን ያያል። ሄዳ እስክትመለስ ዞር አላለም።

«እኔ የምታነክስ ሰው አላየሁም» አለ።

ሎሪንግ አፉን ከፈተ። «ክቡር ኮሚሽነር፣ ልጅቱ በግልጽ...»

«ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ስንት ሰው አለፈብህ?»

«ሦስት መቶ... ሦስት መቶ አሥር።»

«በስንት ሰዓት ጊዜ?»

«በአንድ ሰዓት ውስጥ።»

«እያንዳንዱን ስንት ሰኮንድ አየኸው?»

«አሥር... አሥራ ሁለት።»

«ይቺ ልጅ ምን ይዛ ነበር? በየትኛው ክንዷ? አታስታውስም። እኔ እነግርሃለሁ፤ ከቁመቷ ግማሽ የሚሆን ጥቅል በግራ ዳሌዋ ላይ ይዛ ነበር፤ አሁንም ይዛዋለች። ዘጠኝ ቀን ባሕር ላይ ከርማለች። እኔ ራሴ ከዚያች ትንሽ ጀልባ ስወርድ እንደዚያ ነው የምራመደው። ይኼን ምልክት አድርጌያለሁ ብለህ ትምላለህ?»

ሎሪንግ እሱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ። ሞኝ አይደለም። «ጥቅሉ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

«ጻፍ። ምልክቱ በስሕተት የተደረገ ነው። አሁን፣ ዶክተር፣ ከዚህ በታች ፈርም።»

ያ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ነበር። ብጠላውም ሲሠራ ሳየው እደነቃለሁ። ሎሪንግ ፈርሞ ወጣ።

ክሬይ ወደ እኔ ሲመጣ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ የሥጋ ቤቱ ፎቅ ድምፅ። «ምልክቱ ስሕተት ከሆነ ያጠፋኸው ነገር የለም። ስለዚህ ክስ የለም። ግን አሥራ ስምንት ሰው እጅጌህን አይቷል። ኮፍያህንና መለያህን አምጣ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መለያው ተንሸራተተ፤ እሱ ያዘው።

«ሒሳባችን ተዘጋ» አለኝ። «ሁለታችንም አናስታውስም።»

እጁን አልዘረጋልኝም። ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ያዳነን ያቺ ቃሌ ትሁን፣ የኖኒ ቃል ይሁን፣ ወይስ ሌላ ነገር ኖሮት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በመከር ተወዳደረ፤ አሸነፈም። ድምፄን አልሰጠሁትም።

በሦስት ተኩሉ ጀልባ ተሻገርን፤ ኮፍያ የሌለኝ እኔና ካፖርቷን መልሳ በትክክል የለበሰችው ኖኒ። የትከሻዋ ቢጫ ተስፋፍቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አይጠይቅም። ነገ ምን እንደምንበላ እያሰብኩ የጀልባውን የብረት አጥር ይዣለሁ። መርከቡ ከኋላችን ፉጨቱን ሲነፋ ሁለታችንም ደንግጠን ዘለልን፤ እሷ ሳቀች።

«አጎቴ ኮን» አለችኝ በኋላ፣ ከተማው ሲቀርብ። «ያ ሰውዬ ግን የእውነት ጓደኛህ ነው?»

ቀኝ እጄን አየሁት። አውራ ጣቴም፣ መዳፌም፣ እሱ ይዞት የነበረው አንጓዬም ቢጫ ነው። ሚስቴ ሳምንት ሙሉ በሳሙናና በአመድ ፈትጋ አላስለቀቀችውም።

«እጄን ጨብጦኛል» አልኳት። «በስሜም ጠርቶኛል። አይተሻል እኮ።»